ስኳሩ ሳይሆን መታከቱ ሲያሸንፋችሁ

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ባለው ውስጥ ነው። ስኳር አለበት። ምን ማድረግ እንዳለበት አሳምሮ ያውቃል። ግን አያደርገውም። ወይም ሰኞ ጀምሮ ሐሙስ ላይ ይተወዋል። ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ይላል።

እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አይነት 1 ስኳር (ሰውነት ኢንሱሊን ስለማይሠራ በየቀኑ በመርፌ የሚወሰድበት) እንዳለብኝ ያወቅኩት በ16 ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የመርፌዬን ሰዓት የምትቆጥረው እናቴ ነበረች። ከዚያ ከቤት ወጣሁ፣ ቆጣሪም ጠፋ። ቀሪውን መገመት አይከብድም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ባደጉት አገሮች እንኳ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን በታዘዘው መሠረት የሚከታተሉት በአማካይ 50 በመቶ ያህል ነው ይላል። የቀረው ግማሽ ሁሉ ሰነፍ ሊሆን አይችልም። መርፌው ራሱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚከብደው እረፍት የሌለው መሆኑ ነው። እሁድ የለውም። ፈተና ላይ ነኝ ብትሉት አይሰማም። በደንብ ስትይዙት ማንም አያመሰግናችሁም፤ ስትስቱ ግን ያገኛችሁት ሁሉ ሐኪም ይሆናል።

ስለዚህ ከምግብ ዝርዝር አልጀምርም። የምጀምረው ከኑሯችሁ ነው። «ስኳሬ ሲስተካከል ያኔ ደስ ይለኛል» ብዬ ብዙ ዓመት ጠብቄያለሁ። በእኔ ላይ የሆነው ግልባጩ ነው፤ መጀመሪያ ኑሮዬ ትንሽ ቀለለኝ፣ መርፌው ቀስ ብሎ ተከተለ።

1. የውሸት ደብተሩን ዝጉት

የስኳር መመዝገቢያ ደብተሬን የምሞላው በቀጠሮ ቀን ጠዋት ነበር፤ ተራ ስጠብቅ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ። ሁለት እስክሪብቶ ይዤ እሄዳለሁ፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ጥቁር። በየቀኑ የተጻፈ እንዲመስል ቀለሙን አቀያይራለሁ። እንዳይነቃብኝ ደግሞ አልፎ አልፎ ከፍ ያለ አንድ 210 ጣል አደርጋለሁ (እዚህ ያሉት የስኳር ቁጥሮች በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው)።

አንድ ቀን ሐኪሙ ገጹን ገልጦ ጥቂት አየና፣ «ቁጥሮችህ ሁሉ የሚያልቁት በ0 ወይም በ5 ነው» አለኝ። ቀጥሎ የኤዋንሲ (HbA1c) የደም ምርመራ ውጤቴን አወጣ። ይህ ምርመራ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የስኳር አማካይ ስለሚያሳይ በእስክሪብቶ አይታለልም። እንደ ደብተሬ ቢሆን 7 በመቶ አካባቢ መሆን ነበረበት። ደሜ ግን 10.4 ይላል። «ደብተሩ ጤነኛ ነው» አለ ሐኪሙ፣ «አሁን አንተን እናክም»።

ለአንድ ሳምንት እውነቱን ጻፉ። የስኳር ቁጥሩን አይደለም፤ የዘለላችሁትን። ምን ዘለላችሁ? ስንት ሰዓት ላይ? የት ነበራችሁ? ከማን ጋር? አምስት ቃል ይበቃል፦ «ሐሙስ፣ ምሳ፣ ካፌ፣ ጓደኞች፣ አፈርኩ»። ለማንም አታሳዩትም። ራሳችሁንም አትውቀሱበት።

ሳምንቱ ሲያልቅ ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩት። መዝለሉ ብዙውን ጊዜ በየቦታው የተበተነ አይደለም፤ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ተከማችቶ ነው የምታገኙት። የእኔ ምሳ ላይ ነበር፣ ያውም ከሰው ጋር ስበላ። ጠዋትና ማታ ዘልዬ አላውቅም ማለት ይቻላል። ዓመት ሙሉ «እኔ እኮ መድኃኒት የማይወስድ ሰው ነኝ» እያልኩ ራሴን ስሰድብ የኖርኩት ለካ በምሳ ምክንያት ነው።

2. ኑሯችሁን ከ0 እስከ 10 አስቀምጡት

አንድ መሰላል አስቡ። ታች ያለው ደረጃ 0 ነው፤ ለእናንተ ሊገመት የሚችለው የመጨረሻ መጥፎ ኑሮ። ጫፉ 10 ነው፤ የምትመኙት ኑሮ። ዛሬ የቆማችሁት የትኛው ደረጃ ላይ ነው? ሃድሊ ካንትሪል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው መለኪያ ነው፤ እስካሁንም በመላው ዓለም የሰዎችን የሕይወት እርካታ ለመጠየቅ ይጠቀሙበታል። ብዙ አታስቡ፤ መጀመሪያ የመጣላችሁን ቁጥር ጻፉ።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። አንድ ደረጃ ብቻ ለመውጣት ምን ያስፈልጋችኋል? «ስኳር» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ መልሱ።

እኔ 4 ብዬ ጻፍኩ። መልሴ «ኳስ መጫወት» ነበር። ሜዳ ላይ አንዴ ስኳሬ ወርዶ ጉልበቴ ከድቶኝ ቁጭ ካልኩ በኋላ ሰበብ እየደረደርኩ ቀርቼ ነበር። ጓደኞቼ መጥራት አቆሙ። እኔም የቀረብኝ ኳሱ ብቻ መሰለኝ።

ስኳሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከሕክምናዬ ውስጥ ኳሱን የሚመልስልኝ የትኛው ነው? መልሱ ግልጽ ነበር፦ ከመጫወቴ በፊት መለካት። ከ90 በታች ከሆነ ትንሽ ካርቦሃይድሬት ቀምሶ መግባት። ከ250 በላይ ከሆነና ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ እያቃጠለ የሚያወጣው አሲድ) ከተገኘ ያን ቀን መተው። ጭማቂ ቦርሳ ውስጥ መያዝ። እንቅስቃሴ ስኳርን ከሰዓታት በኋላም፣ ሌሊትም ሊያወርድ ስለሚችል ከመተኛት በፊት ደግሞ ማየት። ለዓመታት «ተለካ» ሲሉኝ ያልሰማሁ ሰው ለኳሱ ስል በአንድ ሳምንት ውስጥ ለመድኩት።

የእናንተ መልስ ጉዞ ሊሆን ይችላል። ፍቅር፣ ሥራ፣ እንቅልፍ ሊሆን ይችላል። ከሕክምናው ጋር የሚያገናኘውን ክር እናንተው ፈልጉት። «ለጤናህ ብለህ» የሚባለው ነገር በ22 ዓመት ብዙም አያንቀሳቅስም። ጤና ገና ሩቅ ነው፤ ቅዳሜ ግን ቅርብ ነው።

3. አንዱን ቀዳዳ ብቻ ድፈኑ

ሰኞ ላይ ሁሉንም ለመጀመር መማል የለመድነው ነው። አይሠራም። ከሳምንቱ ወረቀት ላይ አንዱን ብቻ ምረጡ።

አንድ ነገር ምን ይለውጣል የምትሉ ካላችሁ ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1993 በአሜሪካና በካናዳ አይነት 1 ስኳር ባለባቸው 1,441 ሰዎች ላይ አንድ ትልቅ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 39 ነበር፤ ማለትም እኛ ነን። ስኳራቸውን በቅርበት የተቆጣጠሩትና ሲጀምሩ የዓይን ጉዳት ያልነበረባቸው ሰዎች የዓይን ጉዳት የመድረሱ ዕድል በ76 በመቶ ቀነሰላቸው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ሌላው ነው። ኤዋንሲ ከ10 ወደ 9 ሲወርድ የሚቀንሰው አደጋ፣ ከ7.5 ወደ 6.5 ሲወርድ ከሚቀንሰው ይበልጣል። የመጀመሪያዋ እርምጃ ትልቁን ትከፍላለች። ስለዚህ «ፍጹም ካልሆንኩ ምን ዋጋ አለው» የሚለው ሐሳብ በሒሳብም አያስኬድም።

ቀዳዳውን የምትደፍኑበትን ሐረግ «ሲሆን» ብላችሁ ጻፉት። የእኔ እንዲህ ይል ነበር፦ «ምግቡ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ፣ ሹካ ሳላነሳ እወጋለሁ»። «ምሳ ላይ በደንብ እወስዳለሁ» ከሚለው ጋር አወዳድሩት። ያኛው ምኞት ነው። ይኼኛው ግን የሚያስነሳው ነገር አለው፤ ሳህኑ ሲቀመጥ እጄ ራሱ ወደ ቦርሳዬ ይሄዳል።

እንክብል የምትወስዱ ከሆነ ከጥርስ ብሩሹ ጎን አስቀምጡት፣ ወይም ከምትበሉበት ሰዓት ጋር እሰሩት። ሜትፎርሚን የሚባለውን እንክብል ያቆማችሁት ሆዳችሁን እየረበሻችሁ ከሆነ፣ አትሸማቀቁ፤ ብዙ ሰው ይረብሻል። ከምግብ ጋር መውሰድ ይረዳል፣ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ዓይነትም አለ። ሐኪማችሁን ጠይቁ። የረሳችሁትን ለማካካስ ግን ሁለት አትዋጡ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? በ96 ሰዎች ላይ የተደረገ አንድ የለንደን ጥናት አዲስ ልማድ ራሱን ችሎ እስኪሄድ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን እንደሆነ አሳይቷል። ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። እዚያው ጥናት ውስጥ አንድ ቀን መሳት ልማዱን አላፈረሰውም። ማክሰኞን ከሳታችሁ ረቡዕን ያዙ፤ ቀጣዩን ሰኞ አትጠብቁ።

4. ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት አታንብቡት

ብዙዎቻችን መለካት የምናቆመው ጣት ስለሚያመን አይደለም። ማሽኑ ስለሚሰድበን ነው። 260 ሲል «አንተ ምንም አትረባም» ያለን ይመስለናል። ስለዚህ ማየቱን እንተወዋለን፤ ካላየሁት የለም።

ማሽኑ ግን ያን ያህል አዋቂ አይደለም። በዓለም አቀፉ መስፈርት መሠረት ስኳር 100 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን የማሽኑ ንባብ እስከ 15 በመቶ ወዲያና ወዲህ ቢል ይፈቀድለታል። እውነተኛው 200 ከሆነ 170ም 230ም ሊላችሁ ይችላል። አንድ ምሽት ብርቱካን ልጬ ወዲያው ጣቴን ወጋሁ። 284 አለ። ሆዴ ቡጭ አለ። ለመርፌ እጄን ስዘረጋ ጣቶቼ እንደሚጣበቁ ልብ አልኩ። ታጥቤ፣ አድርቄ ደግሜ ለካሁ፦ 131። በ284 ልክ ተወግቼ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን አስቡት። ከዚያ ወዲህ ያልታጠበ ጣት ያወጣውን ቁጥር አላምንም።

ጠዋት ከፍ ብሎ ቢገኝም ሁልጊዜ የማታው ራት ጥፋት አይደለም። ሊነጋ ሲል ሰውነት የሚለቃቸው ሆርሞኖች ጉበትን ስኳር እንዲያወጣ ያነሳሱታል። ተኝታችሁ ነው የወጣው። ጭንቀት፣ ጉንፋን፣ የወር አበባ፣ እንቅልፍ ማጣት፤ ሁሉም ድርሻ አለው።

እንግዲህ ቁጥር ባያችሁ ቁጥር «ጥሩ» እና «መጥፎ» የሚሉትን ቃላት አስወጧቸው። «ከፍ ብሏል» ወይም «ወርዷል» በሉ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ አሁን ምን ላድርግ? በዚህ ሰዓት ሦስት ቀን ተደጋግሟል ወይ? ካልተደጋገመ የቀን ጉዳይ ነው፣ ዝለሉት። ከተደጋገመ ጽፋችሁ ለሐኪም ያዙት፤ መጠኑ መስተካከል ይኖርበት ይሆናል።

ለብዙ አዋቂዎች የሚመከረው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከበሉ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው። ማሽናችሁ በሚሊሞል የሚያሳይ ከሆነ እነዚህን ለ18 አካፍሏቸው። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ ያላቸው ደግሞ ከቀኑ 70 በመቶውን ከ70 እስከ 180 ባለው ውስጥ እንዲቆዩ ይመከራሉ። ይህ 17 ሰዓት ያህል ነው። ሰባት ሰዓት ውጭ ብትሆኑም ግቡን መታችሁ ማለት ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር ወረደ።

5. ዕቃውን አመቻቹ

አጭር ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፤ ከመቀዝቀዝ አልፎ በረዶ ከሠራ ይጣላል። የተጀመረው አብዛኛው ዓይነት ከሙቀትና ከፀሐይ ተጠብቆ እስከ 28 ቀን ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል፤ የእናንተው ማሸጊያ ላይ ያለውን ቀን ግን እዩ። የከፈታችሁበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉ። የሚወጉበትን ቦታ በየቀኑ አንድ ጣት ያህል እያራቁ ማዘዋወር ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ደጋግማችሁ ከወጋችሁ ቆዳው ሥር ጓል ይሠራል፤ እዚያ የገባ ኢንሱሊን ደግሞ መቼ እንደሚሠራ አይታወቅም። ሆዳችሁን ዳብሱት። ጠንከር ያለ ነገር ካገኛችሁ ቁጥራችሁ ያለ ምክንያት የሚዘለው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

6. ሲወርድ የሚደረገውን ሳታስቡ እንድታደርጉት ልመዱት

ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ፈጣን ስኳር፤ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ። 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ለኩ፣ ካልወጣ ድገሙ። ቸኮሌት አይሆንም፤ ቅባቱ ያዘገየዋል። ጓደኞቻችሁ ማወቅ ያለባቸው አንድ ነገር፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ ምንም ነገር በአፍ እንዳያስገቡ ነው። አስቸኳይ እርዳታ ይጥሩ።

መጠጥን በተመለከተ ስብከት የለኝም። ጉበት አልኮልን በማጣራት ሲጠመድ ስኳር መልቀቁን ይቀንሳል። ስለዚህ ሞቅ ብሏችሁ የተኛችሁበት ሌሊት ስኳር ሊወርድ ይችላል፤ የወረደና የሰከረ ሰው ደግሞ ይመሳሰላል። በባዶ ሆድ አትጠጡ፣ አብሯችሁ ካለው አንዱ ይወቅ፣ ሳትለኩ አትተኙ።

7. ሰው አስገቡበት፣ ግን በልኩ

«ስኳርህ ስንት ነው?» የሚለውን ጥያቄ እናቴ በስልክ ከሰላምታ አስቀድማ ነበር የምትጠይቀኝ። እዋሻለሁ። ወይም ስልክ አላነሳም። አንድ ቀን ነገሩን ገልጬ አወራኋት፦ «እማዬ፣ መጀመሪያ እንዴት ዋልክ በይኝ። ስኳሩን እሁድ እሁድ እኔው እነግርሻለሁ። ከዚያ ውጭ ከደወልኩልሽ ግን እርዳታ ፈልጌ ነው»። ቅር አላት። ሁለት ሳምንት ፈጀባት። አሁን እሁድ የምነግራት ቁጥር እውነተኛ ነው።

እናንተም ቤተሰባችሁን «አታስቸግሩኝ» ብቻ አትበሏቸው። ምን እንዲያደርጉ እንደምትፈልጉ ንገሯቸው። «ስወጋ አትዩኝ»፣ «ማታ ላይ አንዴ አስታውሱኝ»፣ «ሰው ፊት ስለምበላው ነገር አትናገሩኝ»። ሊረዳ የፈለገ ሰው ሥራ ካልሰጣችሁት ቁጥጥሩን ይይዛል።

8. የክፉ ቀን እቅድ አስቀድማችሁ ጻፉ

ምንም የማታደርጉበት ቀን ይመጣል። ለዚያ ቀን ዝቅተኛውን አሁን ወስኑ። የእኔ ሦስት መስመር ነው፦ ረጅም ሰዓት የሚቆየውን ኢንሱሊን አልዘልም፤ ለምበላው እወጋለሁ፤ ከመተኛቴ በፊት አንዴ እለካለሁ። ደብተር የለም፣ ስፖርት የለም፣ ጸጸትም የለም። በማግስቱ ወደ ወትሮው እመለሳለሁ።

ሕመም ከሆነ ግን ሌላ ነው። አይነት 1 ያለባችሁ፣ ምግብ ባይገባላችሁም ረጅሙን ኢንሱሊን አታቋርጡ። በየአራት ሰዓቱ ለኩ፣ ኪቶን እዩ፣ ፈሳሽ ጠጡ። ትውከት ካላቆመ፣ ሆድ ከቆረጠ፣ ትንፋሽ ከፈጠነና የፍራፍሬ ዓይነት ሽታ ካመጣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። አንዳንድ እንክብሎች በተቃራኒው በትውከትና በተቅማጥ ጊዜ ለጊዜው የሚቆሙ አሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ደህና ሳላችሁ ጠይቁ።

9. መታከት ብቻ ካልሆነ

ሁለት ስሜቶችን በራሳችሁ ላይ ፈትሹ። የስኳሩ ጣጣ ከአቅሜ በላይ ሆኗል የሚል፤ ሁልጊዜ እየወደቅኩ ነው የሚል። ሐኪሞችም ከሕመሙ ጋር የሚመጣን መታከት ፈጥነው ለመለየት እነዚህን ይጠይቃሉ። በአንድ ወር ውስጥ አዘውትረው የሚመጡባችሁ ከሆነ በቀጣዩ ቀጠሮ ከኤዋንሲ በፊት እሱን አንሱ። ከስኳሩ ውጭም ምንም ነገር ደስ የማይላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ድባቴ ሊሆን ይችላል። እሱ የራሱ ሕክምና አለው። መኖር ካስጠላችሁ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለሰው ተናገሩ።

አንድ ነገር በዝምታ ማለፍ አልፈልግም። ለመክሳት ብለው ኢንሱሊን የሚቀንሱ ወጣቶች አሉ። ኪሎው ይቀንሳል፣ እውነት ነው። የሚቀንሰው ግን ሰውነት ራሱን ስለሚበላ ነው፤ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ኢንሱሊን ለሰው የተሰጠው መጀመሪያ በጃንዋሪ 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለ14 ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ በፊት አይነት 1 የያዘው ሰው ኢንሱሊን ስለሌለ ይሞት ነበር። በዚህ ውስጥ ያላችሁ ከሆነ ለአንድ የጤና ባለሙያ «ለኪሎ ብዬ እየቀነስኩ ነው» በሉት። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ትበቃለች።

10. ቀጠሮ ላይ ሦስት ነገር ይዛችሁ ግቡ

ከልጆች ክፍል ወደ አዋቂዎች ክፍል ስትዛወሩ ብዙ ነገር ይጠፋል። ስማችሁን የሚያውቁት ነርሶች የሉም፤ እናታችሁም አጠገባችሁ የሉም። ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ሦስት መስመር፦ የምዘለው የትኛውን ነው (ከሳምንቱ ወረቀት)፤ ለምን (እውነቱን)፤ ምን ቢቀየር ይቀለኛል። «ምሳ ላይ እዘላለሁ፣ ሰው ፊት መወጋት ያሳፍረኛል፣ ሌላ አማራጭ አለ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ሐኪም የሚሰጠው መልስ፣ «ደህና ነኝ» ላለው ከሚሰጠው ይለያል። ሐኪሙ ቢቆጣችሁ ተረጋግታችሁ «ቁጣው እንድዋሽ ያደርገኛል» በሉ። ካልሰማ ሌላ ሐኪም መጠየቅ ነውር አይደለም።

11. ከሦስት ወር በኋላ

ቀጣዩን ኤዋንሲ በምትሰጡበት ቀን መሰላሉንም ድገሙት። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፉ። የመጀመሪያው ሦስት ወር ሲያልቅ የእኔ መሰላል ከ4 ወደ 6 ወጥቶ ነበር፤ ኤዋንሲ ግን ከ10.4 ወደ 10.1 ብቻ። ተበሳጨሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ በጣቱ 6ቷን ነካ አደረገና «በዚህ ቀጥል» አለኝ። በቀጣዩ ቀጠሮ 9.2 ሆነ። ያን ጊዜ እስክሪብቶ የያዝኩት አንድ ብቻ ነው፣ ሰማያዊው።